«ወርቅ ያሳያል» የተባለውን መሣሪያ ማስረዳት ያለበት ማን ነው?

የመሐል ሜዳው

ጤና ይስጥልኝ። የማነሣው ጉዳይ በመንዝ ከአንድ ቀበሌ በላይ የተሰማ ስለሆነ፣ ነገሩን የምታውቁ ሰዎች በጥሞና እንድታዩልኝ እጠይቃለሁ። ወደ ሰፈራችን አንድ ሰው መጥቶ፣ ከመሬት በታች የተቀበረ ወርቅ ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ያሳያል የሚለውን መሣሪያ ለአገሬው አሳይቷል። መሣሪያው ሽጉጥ የመሰለ እጀታ፣ ከፊቱ ወዲያና ወዲህ የሚዞር አንቴና፣ ከላዩም የብረቱን ዓይነትና ጥልቀት ይጽፋል የተባለ ትንሽ ስክሪን አለው። ሰውየው ከሜዳው ዳር ቆሞ ሲራመድ አንቴናው ወደ አንድ የድንጋይ ጉብታ መዞሩን የተሰበሰበው ሁሉ አይቷል።

አሁን ጥቂት አባወራዎች ከብት ሸጠው፣ ከማኅበራቸውም ገንዘብ አውጥተው መሣሪያውን ለመግዛት ተነሥተዋል። እኔ «መሥራቱ በምን ታወቀ?» ብዬ ብጠይቅ «አለመሥራቱን አንተ አስረዳ» የሚል መልስ ተሰጠኝ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በእርግጥ ይኖራል ወይ? ማስረዳትስ የማን ድርሻ ነው?

የደብረ ብርሃኑ ጠጋኝ

እኔ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና እሠራለሁ። እርስዎ ከገለጹት ጋር በመልክ አንድ የሆነ መሣሪያ «ባትሪ እየጨረሰ አስቸገረኝ» ያለ ደንበኛ አምጥቶልኝ፣ በፈቃዱ ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈትቼ አይቼዋለሁ። በውስጡ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ፣ ስክሪኑን የሚያበራ አነስተኛ ሰርኪዩት፣ ድምፅ የምታሰማ ትንሽ ስፒከርና ማብሪያ ማጥፊያ ነበሩ። አንቴናውን ከሰርኪዩቱ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ ግን የለም። አንቴናው የቆመው በእጀታው ጫፍ ባለች ኩሽኔታ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በነፃነት ይሽከረከራል እንጂ ከባትሪው የሚደርሰው ነገር የለም፣ ወደ ስክሪኑም የሚልከው ነገር የለም። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው የጥልቀት ቁጥር ደግሞ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር የሚቀያየር ነው።

ከዚያ በኋላ እጀታውን በሞርሳ አጥብቄ ይዤ፣ በውሃ ልክ አስተካክዬ፣ የወርቅ ቀለበት በአንቴናው ዙሪያ ከቅርብም ከራቅም አዞርሁበት። አንቴናው ንቅንቅ አላለም። ሞርሳውን በጣም በጥቂቱ ዘንበል ሳደርገው ግን፣ ቀለበቱ በሌላ በኩል ተቀምጦ ሳለ፣ ወደ ዘነበለበት ዞረ። ይህንኑ ለደንበኛዬ በፊቱ ደግሜ አሳየሁት። ያየሁት አንድ መሣሪያ ነው፤ ሁሉንም ፈትቼ አላየሁም፤ ነገር ግን የእናንተው ሻጭ ሽፋኑ በፊታችሁ እንዲፈታ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁት።

ዘአንኮበር

የወንድሞቼን አስተያየት በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ በነገሩ ግን አልስማማም። በአንኮበር አቅራቢያ ዘመዶቼ ባሉበት ቦታ እንዲህ ያለ መሣሪያ አመልክቶ፣ በቁፋሮ ማርትሬዛ ብር ሲወጣ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ዋሾዎች አይደሉም። አገራችን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ የነበረች፣ በግራኝ ጊዜም በጣሊያን ጊዜም ሀብት የተሸሸገባት መሆኗን አባቶቻችን ነግረውናል።

ደግሞም ወርቅ ለብዙ ዘመን ሲቀበር በአፈሩ ውስጥ ቅንጣቶቹን ይረጫል፣ ከላዩም የተለየ ጨረር ይቆማል፤ መሣሪያው የሚይዘው ያንን ነው ተብሎ በመመሪያው ተጽፏል። የውጭ አገር ጦር ሠራዊቶች እንኳ ይህን የመሰለ ባለ አንቴና መሣሪያ ለፈንጂ ፍለጋ ገዝተው እንደተጠቀሙበት ይታወቃል። ሳይንስ ትናንት ያልደረሰበትን ዛሬ ይደርስበታል። ስለዚህ «አይሠራም» ብሎ የሰው ተስፋ የሚዘጋ ሰው፣ አለመሥራቱን እርሱ ሊያስረዳ ይገባዋል እላለሁ።

መምህርቷ

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ወንድማችን ዘአንኮበር ያነሧቸው ነጥቦች በየገበያው የሚነገሩ ስለሆኑ አንድ በአንድ መመለስ ይገባቸዋል፤ ጽሑፌ ቢረዝም ይቅርታ አድርጉልኝ።

በመጀመሪያ፣ ብረት ፈላጊ መሣሪያ በእርግጥ አለ። የሚሠራበትም መንገድ የታወቀ ነው። ከታች ባለው ክብ ሽቦ ውስጥ የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ መስኩ በአቅራቢያ ባለ ብረት ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ ያም በበኩሉ የሚፈጥረውን መስክ መሣሪያው ይሰማዋል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በጥይት በቆሰሉት በአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ ጥይቱን ለማግኘት የሞከረው በዚሁ ዘዴ ነበር፤ ከተኙበት አልጋ በታች የነበረው ብረትም ፍለጋውን አወከበት። ማዋኩ ራሱ መሣሪያው እውነተኛ መሆኑን ይመሰክራል፤ ብረት ባለበት ሁሉ ይጮሃልና።

የእውነተኛው መሣሪያ ድክመት ርቀት ነው። መስኩ ወደ ታች ሲሄድ በፍጥነት ይደክማል፣ ከብረቱ ሲመለስም እንደገና ይደክማል፤ በዚህ ምክንያት የአንዲት ሳንቲም ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚመለሰው ምልክት ወደ 64ኛ ክፍሉ ይወርዳል። ስለሆነም የተለመደው መሣሪያ አንድ ማርትሬዛ የሚያህል ብር፣ ማለትም 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ የሚያገኘው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ገደማ ነው። ሣጥን የሚያህል ብረት ከሜትር በላይ ሊያገኝ ይችላል። በእኛ ደጋ ደግሞ መሬቱ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣና የብረት ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ምልክቱ ይበልጥ ይታወካል። እንግዲህ ትልቅ ክብ ሽቦና ጠንካራ ሰርኪዩት ይዞ በስንዝር የሚለካ ጥልቀት የሚታገል መሣሪያ እያለ፣ ሽቦ የሌለው እጀታ ኪሎ ሜትር ይዘልቃል የሚለውን አባባል በዚህ ሚዛን ተመልከቱት።

ሁለተኛ፣ ስለ ጨረሩ። በተፈጥሮ የሚገኘው ወርቅ አንድ ዓይነት አቶም ብቻ ያለው ነው፤ እርሱም የረጋ ስለሆነ ጨረር አያወጣም፣ ሺህ ዓመት ቢቀበርም። ቅንጣቶቹን ይረጫል የሚለውም ከወርቅ ጠባይ ጋር ይጣላል። ወርቅ ከጥንት ጀምሮ የተወደደው ከአፈርና ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ፣ ከመቃብርም ሲወጣ እንዳንጸባረቀ ስለሚወጣ ነው።

ሦስተኛ፣ አንቴናውን የሚያዞረው የተሸካሚው እጅ ነው፤ ይህን ስል ሰውየውን ዋሾ ማለቴ አይደለም። ሰው የሚጠብቀውን ነገር ሲያስብ ጡንቻው ሳያውቀው በጥቂቱ እንደሚንቀሳቀስ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1852 ገልጾታል። በነፃ የሚዞር አንቴና ከአንድ ዲግሪ ያነሰች የእጅ መዘንበልን ወደ ትልቅ ዙር ይለውጣታል። ሰውየው ጉብታውን አስቀድሞ ካየ፣ ከልቡ አምኖ እያለም አንቴናው ወደዚያው ይዞርለታል። ጠጋኙ ወንድማችን በሞርሳ ያሳዩት ይህንኑ ነው።

የጦር ሠራዊቶቹ ነገር ደግሞ ለመሣሪያው ምስክር መሆኑ ቀርቶ በመሣሪያው ላይ የተመሠከረ ነው። ኤ.ዲ.ኢ. 651 የተባለውን ባለ አንቴና ዕቃ ለኢራቅ በሺዎች እየቆጠረ የሸጠው ጄምስ ማኮርሚክ እ.ኤ.አ. በ2013 በለንደን ፍርድ ቤት የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል፤ ዕቃው የተቀዳው ከ20 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ከሚሸጥ የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ነው ከተባለ መጫወቻ ነበር። ጂ.ቲ. 200 የተባለውን የሸጠው ጋሪ ቦልተንም በዚያው ዓመት 7 ዓመት ተፈርዶበታል። ታይላንድ ይህንኑ ጂ.ቲ. 200 እ.ኤ.አ. በ2010 ስትፈትነው፣ ፈንጂው ከአራት ሣጥኖች በየትኛው እንዳለ ከ20 ሙከራ 4 ጊዜ ብቻ አገኘ፤ በጭፍን የሚገምት ሰው 5 ጊዜ ያህል ያገኛል። በአሜሪካ ኳድሮ ትራከር የተባለው እ.ኤ.አ. በ1996 በፍርድ ቤት ሽያጩ ታግዷል፤ ሲከፈት ባዶ ፕላስቲክ ነበር። በባግዳድ የፍተሻ ኬላዎች ላይ ወታደሮች ያንን እጀታ ይዘው መኪና ሲያሳልፉ በቦምብ ያለቀውን ሰው ማሰብ ያሳዝናል፤ እነዚያ ወታደሮችም አንቴናው ሲዞር በዓይናቸው ያዩ ነበሩ።

የሞረቱ ጠበቃ

መምህርት እናመሰግናለን። የማስረዳት ሸክምን በተመለከተ የሙያዬን ያህል ልበል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው የግዴታውን መኖር እንዲያስረዳ ያዛል። ይህ ድንጋጌ ስለ ውል እንጂ ስለ ወርቅ መሣሪያ አልተጻፈም፤ መሠረቱ ግን ሽማግሌም ዳኛም ሁልጊዜ የሚከተለው ነው፦ አዲስ ነገር ይዞ መጥቶ «በዚህ ምክንያት ገንዘብህን ስጠኝ» የሚል ሰው ነው ነገሩን የሚያጸና። የተጠየቀው ሰው ዝም ብሎ ገንዘቡን መያዝ ይችላል፤ ለመጠራጠሩ ምስክር አይቆጥርም። ሸክሙ ቢገለበጥ ምን እንደሚሆን እስቲ አስቡት። ነገ ሌላ ሰው ሌላ እጀታ ይዞ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ሌላው፤ ገበሬው የእያንዳንዱን አለመሥራት ፈትኖ እስኪያረጋግጥ ድረስ መክፈል አለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሸክም ማንም ሊሸከመው አይችልም።

ከዚህም በላይ፣ ሻጩ ነገሩን በምንም መንገድ እንዳይሸነፍ አድርጎ እንደሚያቀርበው ልብ በሉ። ተቆፍሮ ካልተገኘ «ጥልቀቱ ገና ነው» ይላል፤ ሲቆፈር ሲቆፈር ውሎ ካልተገኘ «ወርቁ ሸሽቷል»፣ «ጠባቂ አለውና ደም ይፈስስለት»፣ «ከመካከላችሁ ልቡ ያልጠራ ሰው አለ» ይባላል። የትኛው ውጤት ቢመጣ «አይሠራም ነበር» ብለህ ታምናለህ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሌለው ሰው፣ ስለ መሣሪያው የተናገረው አንድም ነገር የለም።

በአገራችን ታሪክ የምናውቀው ሌባሻይ፣ ማለትም በልጅ አማካይነት ሌባ የሚፈለግበት የድሮ ልማድ፣ በዚሁ መንገድ ብዙ ሰው ጎድቷል። ልጁ መድኃኒት ጠጥቶ፣ በወገቡ በታሰረ መቀነት ተይዞ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። የተከሰሰው ሰው «ልጁ መሳሳቱን አስረዳ» ሲባል በምን ያስረዳ? ልጁ በእርግጥ ሌባ ያገኝ እንደሆነ አስቀድሞ ሌባው በታወቀበት ጉዳይ የፈተነው አልነበረም። አባቶቻችን ያንን ልማድ የተዉት ሳይንስ ሁሉን ደርሶበት አይደለም፤ ሰውን በማይፈተን ምልክት መፍረድ ግፍ መሆኑን አይተው ነው።

ሻጩ እያወቀ ሐሰት ተናግሮ ገንዘብ ከወሰደም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የተመለከተው የማታለል ወንጀል ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ከመክሰስ ከመክፈሉ በፊት መጠየቅ ይሻላል።

ዘአንኮበር

መምህርትና ጠበቃው ያሉትን ተቀብያለሁ ማለት አልችልም፤ ጨረሩን በተመለከተ ግን መልስ የለኝም። የማርትሬዛው ብር መገኘት ሐሰት አይደለም። እርሱን ምን ትሉታላችሁ?

መምህርቷ

ብሩ መገኘቱን አልጠራጠርም። ጥያቄው ብሩን ያገኘው ማን ነው የሚለው ነው። በአንኮበርና በአልዩ አምባ አካባቢ ለብዙ ዘመን ነጋዴ ሲመላለስ፣ ገበያ ሲቆም፣ ሰው ቤት ሠርቶ ሲያፈርስ ኖሯል፤ በአሮጌ ፍርስራሽ ውስጥ ሰፊ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው መሣሪያ ቢይዝም ባይዝም አንዳች ነገር ያገኛል። መቆጠር የሚገባው መሣሪያው ጠቁሞ ባዶ የቀረው ጉድጓድ ብዛትና ሳይጠቁም ብር የተገኘበት ቦታ ብዛት ነው፤ እነዚህን የሚቆጥር የለም።

ስለዚህ መፈተኑ ይሻላል፤ ፈተናውም ርካሽ ነው። መሐል ሜዳ ላይ ላሉት ወንድማችን እንዲህ እንዲያደርጉ እመክራለሁ። ዐሥር አንድ ዓይነት ባልዲዎች በአንድ ሜዳ ላይ አራርቃችሁ ድፉ። በመጀመሪያ ወርቁን በሁሉም ፊት ከአንዱ ባልዲ ሥር አስቀምጣችሁ ሰውየው መሣሪያውን ያሳይ፤ «በዚህ ቦታ ላይ በደንብ ይሠራል፣ የሚያውክ ነገር የለም» ብሎ በአፉ ይመስክር። ይህ ካልተደረገ ኋላ ምክንያት ይመጣል።

ከዚያ ሁሉም ሰው፣ ሻጩ ጭምር፣ ቦታው ወደማይታይበት ይሂድ። አንድ የታመነ ሰው ብቻውን ቀርቶ ከዐሥር የተጠቀለሉ ወረቀቶች አንዱን በዕጣ አውጥቶ ወርቁን በዚያ ቁጥር ባልዲ ሥር ያስቀምጥና፣ ሌሎቹንም ባልዲዎች አንሥቶ ይመልስ፤ ሣሩ የተረገጠው በአንዱ ዙሪያ ብቻ እንዳይሆን። እርሱ በሌላ በኩል ይውጣ፤ ሻጩም ሆነ አብሮት የሚሄደው ጸሐፊ ፊቱን እንኳ አይዩት። ሰው በዓይኑ ሳያውቅ ይናገራልና ይህ የፈተናው ዋና ነገር ነው። ሻጩ አንድ ባልዲ ይምረጥ፣ ይጻፍ፤ ከዚያ ይገለጥ። ይህ ዐሥር ጊዜ ይደገም።

በጭፍን የሚገምት ሰው ከዐሥሩ አንዱን ያህል ያገኛል። አምስትና ከዚያ በላይ በዕድል ብቻ የሚያገኘው በ600 ፈተና አንድ ጊዜ ያህል ነው። ሻጩ «አይስትም» እያለ የሚሸጥ ስለሆነ አምስት መጠየቅ ለእርሱ እንኳ ልግስና ነው። የአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2002 አንዱን እንዲህ ያለ መሣሪያ፣ አስቀማጩም ተሸካሚውም እንዳይተያዩ አድርጎ ሲፈትነው ከግምት የተሻለ ውጤት አላገኘበትም። በመንዝ የሚሠራ ካለ ግን እኔ ራሴ ለማየት እጓጓለሁ፤ የፊዚክስ መጽሐፋችንን የሚለውጥ ነገር ይሆናልና።

የይፋቱ ሰው

ሁላችሁም ስለ ገንዘቡ ተናገራችሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ጉብታው ነው። ጠያቂው ወንድማችን «የድንጋይ ጉብታ» ሲሉ ልቤ ደነገጠ። በመንዝና በአካባቢው ካሉት የድንጋይ ጉብታዎች ብዙዎቹ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ የነበሩ፣ ክርስትናም እስልምናም ገና ያልተቀበሉ ሰዎች የመቃብር ቦታዎች ናቸው። ባለሙያዎች በጥንቃቄ በቆፈሯቸው ውስጥ አጽም፣ የሸክላ ዕቃ፣ ዶቃና ጌጣጌጥ ተገኝቷል። ስለነዚያ ሰዎች እነርሱ ራሳቸው የጻፉት ስለሌለ የምናውቀው ከዚያ መቃብር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ዶቃ በየትኛው አጽም አጠገብ፣ በየትኛው ድርብ እንደተገኘ ካልተመዘገበ ታሪኩ የለም። በአካፋ የተገላበጠ መቃብር ማንም መልሶ ሊያነበው አይችልም። በእኛም በኩል በይፋት ቁልቁለት እንደ ኖራና አስበሪ ያሉ፣ መስጊዳቸው በድንጋይ የተገነባ የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ አለ፤ እነርሱንም ወርቅ ፈላጊ ሲዞርባቸው ኖሯል።

ስለዚህ ባዶ አንቴና ባዶ ጉድጓድ ብቻ አይደለም የሚያስከትለው። አንቴናው ሁልጊዜ የሚዞረው ሰው «እዚህ ነገር አለ» ብሎ ወደሚጠረጥረው ቦታ ነው፤ ያም ጉብታ፣ ዋሻ፣ የቤተ ክርስቲያን ፍራሽ፣ የመቃብር ቦታ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ቅርስ ለመፈለግ መቆፈር አይፈቀድም፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ወዲያው ማሳወቅና ባለበት መጠበቅ አለበት። ፈተናው በባልዲ ሥር ይሁን፤ ጉብታው ላይ ግን ማንም አካፋ እንዳያነሣ እለምናለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ባለፈባቸው ቦታዎች ደግሞ ያልፈነዳ የጦር መሣሪያ ሊኖር ስለሚችል፣ እውነተኛው ብረት ፈላጊ የጮኸበትን እንኳ መቆፈር ለሞት ይዳርጋል።

የመሐል ሜዳው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን አትሜ ለማኅበሩ ሽማግሌዎች አነበብሁላቸው። ረጅም ክርክር ሆነ፤ ጥቂቶቹ «ሰውየው ተቆጥቶ ወደ ሌላ ቀበሌ ቢሄድስ?» ብለው ሰጉ። አንዲት እናት ግን «ኪሎ ሜትር የሚያይ ከሆነ ባልዲ ምን ይከብደዋል?» ሲሉ ነገሩ ረገበ። ገንዘቡ ከማኅበሩ ሣጥን እንዳይወጣ፣ የባልዲው ፈተና እንዲቀርብለት፣ ጉብታውም እንዳይነካ ተስማምተናል። ዕጣ የሚያወጡት የንስሐ አባታችን ናቸው። ሰውየው ሲነገረው «መሣሪያው በትንሽ ወርቅ አይፈተንም» ብሏል። ለዚህ ምን እንመልስ?

ዘአንኮበር

እኔም በፈተናው እስማማለሁ፤ ፍትሐዊ ነው። የእኔ ዘመዶች መሣሪያ ያለውን ሰው እንዲሁ እንዲጠይቁት ነግሬአቸዋለሁ። በአንድ ነገር ግን ሻጩን እደግፋለሁ፤ የወርቁ መጠን እርሱ የሚለው ይሁን፤ ኋላ ተበደልሁ እንዳይል።

መምህርቷ

ትክክል ነው። ትንሹን መጠን ራሱ ይናገር፣ ይጻፍም። ያ መጠን ያለው ወርቅ በሰፈራችሁ ከሌለ፣ ሻጩ ራሱ ያምጣ።

የሞረቱ ጠበቃ

የወርቁ መጠን፣ የባልዲው ቁጥር፣ «አምስትና ከዚያ በላይ» የሚለው ልክ፣ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት «በዚህ ቦታ ይሠራል» ያለው ቃሉ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ይጻፍና እርሱም ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ከፈተናው በኋላ የሚጨመር ቅድመ ሁኔታ እንደማይቆጠርም በዚያው ይግባ። ለመፈረም እምቢ ካለ፣ እምቢ ማለቱን ቀን ጠቅሳችሁ ጻፉትና ለቀበሌውና ለአጎራባች ማኅበራት አንድ አንድ ቅጂ ላኩ፤ ቀጥሎ የሚሄደው ወደነርሱ ነውና።